እናትየዋ አይታዋለች፤ “ግንዛቤ” የጎደለው ማን ነው?

ከላሊበላ ተነስታችሁ ወደ አሸተን ማርያም የወጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሽቅብ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ የአዲስ አበባ ሳንባ እንኳን እዚያ ላይ አቤት ይላል። በቅሎ የያዘው ቀድሞ ይወጣል፣ በእግሬ ያለው ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ “ቀረን እንዴ?” ይላል። መንገዱ ዳር ደግሞ ሕፃናት አሉ። በግ የሚጠብቁ፣ አብረውን የሚሮጡ፣ ዝም ብለው የሚያዩን። ከረሜላ እንሰጣለን፣ “እስቲ ሳቅ በል!” እንላለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ እናልፋለን። ስማቸውን የጠየቀ ካለ እጁን ያውጣ።

በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን እኛም ይህንኑ አደረግን። ንጉሥ ላሊበላ ጀምሮት ነአኩቶ ለአብ ጨረሰው የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፣ ቄሱ ያወጡልንን መስቀልና ብራና አየን፣ ወደ ማታ ወረድን። ሲመሽ አንድ ደጃፍ ላይ፣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የተሸጎጠ የሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አየንና በፍላሽ አነሳነው። ፌስቡክ ላይ ለጠፍነው። ላይኩ ጎረፈ። “ውይ ሲያምር!” ያላለ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ አንደኛው የእኛ ሰው፣ የሕክምና ተማሪው፣ ስለ ሕፃናት የዓይን ካንሰር የወጣ አዲስ ጥናት ሲያነብ አመሸና ፎቶውን መልሶ ከፈተው። ከዚያም ሁላችንንም ጠራን። የልጁ የቀኝ ዓይን ብሌን እንደማንኛውም የፍላሽ ፎቶ ቀልቷል። የግራው ነጭ ነው።

ለማያውቅ እንንገር። በፍላሽ ስንነሳ ብሌናችን የሚቀላው ብርሃኑ ከዓይናችን ጀርባ፣ ደም ከሞላበት ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ነው። መሀል ላይ ነጭ ነገር ከበቀለ የሚመለሰውም ነጭ ይሆናል። እንዲህ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፤ ከዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ከሬቲና የሚነሳ፣ ባብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዝ ካንሰር። ብርቅ በሽታ ነው። ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል፤ በመላው ዓለም በዓመት 8,000 ያህል። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕፃናት ይወለዳሉና ሒሳቡን ስሩት፤ 200 አካባቢ ይመጣል። በየዓመቱ አራት ክፍል ሙሉ ተማሪ ማለት ነው።

ነጭ ያየ ሁሉ ካንሰር አየ ማለት አይደለም። የዓይን ሞራም ነጭ ያሳያል። ልጁ ገለል ብሎ ካየና ብርሃኑ የዓይን ነርቭ የሚገባበት ነጣ ያለ ቦታ ላይ ካረፈም እንዲሁ። ግን ይህን ለይቶ የሚያውቀው ባለሙያ እንጂ ላይክ የሚያደርግ ሰው አይደለም። እኛ ደግሞ የልጁን ስም አናውቅም።

አሁን ወደ ጥናቱ። በ2020 እ.ኤ.አ. ጃማ ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ ነው፤ በ153 አገሮች፣ በ2017 በሽታው የተገኘባቸውን 4,351 ልጆች መዝግቧል። ሀብታም አገር ውስጥ በሽታው የሚታወቀው ልጁ በአማካይ 14 ወር ሲሆነው ነው። እንደኛ ባሉ ድሃ አገሮች 30 ወር ተኩል። ሀብታሞቹ ዘንድ ከመቶ 98ቱ ካንሰሩ ገና ከዓይን ሳይወጣ ይደርሱበታል። ድሃዎቹ ዘንድ ከመቶ 49ኙ ከዓይን አልፎ ከወጣ በኋላ ነው ሐኪም ፊት የሚቀርቡት። እነዚያኑ ልጆች ሦስት ዓመት የተከታተለው ተከታዩ ጥናት በ2022 ወጣ፤ ሀብታም አገር ውስጥ ከመቶ 99ኙ በሕይወት አሉ፣ ድሃው አገር ውስጥ 57 ያህሉ። በሽታው አንድ ነው። ልጁም ልጅ ነው። ልዩነቱ 16 ወር ነው።

እነዚህን 16 ወሮች ማን ነው እያጠና ያለው? ጠባችን እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ብርቅ በሽታ ሳይንስ ትልቅ ዕዳ አለበት። በ1971 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የ48 ልጆችን መዝገብ ይዞ ቁጭ አለ። ቁጥሮቹን ሲያሰላ ካንሰሩ እንዲነሳ አንድ ሳይሆን ሁለት ጉዳት ያስፈልጋል አለ፤ አንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ይዞ ይወለዳል፣ ሌላው ሁለቱንም ኋላ ያገኛቸዋል። በ1986 ጂኑ ራሱ ተገኘ፤ አርቢ1 ይባላል፣ ካንሰርን ከሚያግዱ ጂኖች ሁሉ መጀመሪያ የተገኘው ነው። ዛሬ ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ ሳንባ ካንሰር የሚወራው ግማሹ ነገር በነዚያ ሕፃናት ዓይን በኩል ያለፈ ነው። 48 ልጆች! ቤተ ሙከራ እንኳን አላስፈለገውም፤ መዝገብና ጥሩ ጥያቄ ነው የነበረው። ይህን ልብ በሉልን፣ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ የምርምሩ አቅጣጫ ዓይንን ወደማትረፍ ሄደ። ድሮ መፍትሔው ዓይኑን ማውጣት ነበር። ቀጥሎ ዕጢውን በኬሞቴራፒ ማኮሰስ መጣ። በ2006 ኒውዮርክ ያሉ ሐኪሞች፣ ጃፓኖች ቀድመው የጀመሩትን መንገድ አሻሽለው፣ ቀጭን ቱቦ በልጁ ብሽሽት ባለው የደም ሥር አስገብተው ዓይኑን እስከሚመግበው ሥር ድረስ ወሰዱና ሜልፋላን የተባለውን መድኃኒት እዚያው አፈሰሱት። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዓይን የፊት ክፍል በሚቀዳ ጠብታ ውሃ የዕጢውን ዘረመል ማንበብ ተጀምሯል፤ ዕጢውን በመርፌ መንካት ካንሰሩን ስለሚበትን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ አዋቂዎቹ ስትመጡም እንደዚያው ነው። ዩቪያል ሜላኖማ የተባለው፣ ባብዛኛው ነጭ ቆዳና ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ዓይን ያላቸውን ሰዎች የሚይዘው የዓይን ካንሰር፣ በ2022 ቴቤንታፈስፕ የሚባል መድኃኒት ተፈቀደለት፤ ያውም አንድ የተወሰነ የሕብረ ሕዋስ ዓይነት መለያ ላላቸው ብቻ የሚሠራ። እንኳን ደስ ያላቸው። ከልባችን ነው የምንለው። አንድም ልጅ ዓይኑን እንዲያጣ አንፈልግም።

ግን የላስታ ልጅ ጥያቄው “በብሽሽት ቱቦ ይግባልኝ ወይስ በመርፌ?” አይደለም። የሱ ጥያቄ “ከዚህ ጋራ ወርጄ የዓይን ሐኪም ፊት የምቆመው መቼ ነው?” ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ እንደ ምርምር አይቆጠርም። ኮንፈረንስ አይጋብዝም፣ ፕሮፌሰር አያደርግም።

አይ፣ አልፎ አልፎ ይነሳል። በአገራችንም በጎረቤቶቻችንም ስለዚህ በሽታ የሚጻፈውን አንብቡ። የመጣው ልጅ ይቆጠራል፣ ዕድሜው ይጻፋል፣ ዘግይቶ መምጣቱ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። መጨረሻው ላይ ያቺ የለመድናት ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ “በኅብረተሰቡ ዘንድ ግንዛቤ ሊፈጠር ይገባል።” ከዚያ ነጥብ። ከዚያ ቀጣዩ ጥናት፣ ሌላ ልጆች፣ ያቺው ዓረፍተ ነገር።

እስቲ ማን ነው ግንዛቤ የጎደለው? በሽታውን ባብዛኛው መጀመሪያ የሚያየው ሐኪም አይደለም፣ ቤተሰብ ነው፤ ሀብታም አገር ውስጥም እንደዚያው። አሁን የላስታን ቤት አስቡት። ክብ የድንጋይ ቤት፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ማታ እሳት ወይም ኩራዝ። በጨለማ የልጅ ብሌን ይሰፋል። እናትየዋ ጡት ስታጠባ እሳቱ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንደ ድመት ዓይን ቦግ ይላል። አየችው! ሌሊቱን አትተኛም። በነጋታው አዝላው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብሌን ይጠባል፣ ነጩ ይደበቃል። ነርሷ ታያለች፣ ምንም የለም። ቅባት ትሰጣታለች። “እናቴ ችግር የለውም፣ ሲያድግ ይተወዋል” ትላታለች። እናትየዋ በኩራዝ ያየችውን ጤና ጣቢያው በፀሐይ አጣው፤ ከዚያ በኋላ ለሚያልፈው ጊዜ ሁሉ “የእናቶች የግንዛቤ እጥረት” ተብሎ ይጻፋል። አያሳፍርም?

ነርሷንም አንወቅስም። በጨለማ ክፍል ብሌን ላይ ብርሃን ማብራት እንዳለባት ማን አስተማራት? በምን መሣሪያ? አርክላይት የሚባል ትንሽ የኪስ ዓይን ማያ አለ፤ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሠሩት፣ በፀሐይ የሚሞላ። ላስታ ብዙ ነገር ይጎድለዋል እንጂ ፀሐይ አይጎድለውም።

“ይህ ምርምር አይደለም፣ የዘመቻ ሥራ ነው” የሚሉን አሉ። እንግዲያው ሆንዱራስን እንንገራቸው። ሆንዱራስ ሀብታም አይደለችም። በ2003 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከክትባት ዘመቻ ጋር አያይዘው ስለ ነጭ ብሌን ለሕዝቡ መንገር ጀመሩ። ፖስተር፣ ሬዲዮ፣ ክትባት ጣቢያ። ከዚያ ለኩት። ከዘመቻው በፊት ከመቶ 73ቱ ልጆች ካንሰሩ ከዓይን ከወጣ በኋላ ነበር የሚመጡት። ከዘመቻው በኋላ 35። ከግማሽ በታች! በ2007 ጆርናል ላይ ወጣ። ልዩነቱን አያችሁት? “ግንዛቤ ሊፈጠር ይገባል” ብለው አልጨረሱም፤ ፈጠሩና ቆጠሩት።

ኬንያም አለችላችሁ። ፀሐይና ከፍታ የሚያባብሰው፣ ከኤች አይ ቪ ጋርም የሚያያዝ ሌላ የዓይን ካንሰር አለ፤ የዓይኑን ነጭ ክፍል ላይ ላዩን የሚይዝ። በ1996 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ከምድር ወገብ በየ10 ዲግሪ በራቅን ቁጥር በሽታው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። እኛ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ላይ፣ ያውም ተራራ አናት ላይ ነን፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኬንያዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ይህ የአውሮፓ ዋና ችግር እስኪሆን አልጠበቁም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፍሎሮዩራሲል የተባለ አሮጌና ርካሽ መድኃኒት በጠብታ መልክ ሰጥተው ከባዶ ጠብታ ጋር አወዳደሩ። በ2016 ውጤቱ ወጣ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ጠብታውን ከወሰዱት ከመቶ 11 ያህሉ ሲሆኑ ካልወሰዱት 36ቱ ናቸው። የራስን ጥያቄ መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን መንገድ ተጠርጎ ተቀምጧል፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። አማራ ክልል በትራኮማ ምክንያት ዓይኑ ደጋግሞ የታየ ሕዝብ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የካርተር ማዕከልና የክልሉ ጤና ቢሮ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ ኖረዋል። የዳሰሳ ቡድኑ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ማጉያ መነጽር ያደርጋል፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን የዓይን ቆብ ገልብጦ ያያል፣ ይመዘግባል። አስተውሉ፤ ሬቲኖብላስቶማ የሚይዘው ዕድሜ እዚያ ውስጥ ነው። ባለሙያው ከልጁ ዓይን አንድ ስንዝር ላይ ቆሟል! ቆቡን ገልብጦ ይመለሳል፤ ብሌኑን አያይም። ጨለም ወዳለው ጥግ ፈቀቅ ብሎ፣ ብርሃን አብርቶ፣ “ቀይ ነው ወይስ ነጭ?” ብሎ ለማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አንዲት ዓምድ ቅጹ ላይ ብትጨመር ምን ይጎዳል? ክኑድሰን በ48 መዝገብ ያደረገውን እያሰባችሁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የሚታዩበትን መዝገብ አስቡት። እኛ ይህን ትልቅ ምርምር እንለዋለን። ጆርናሎቹ ምን እንደሚሉት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን አንሸሽም። ልጁ ተገኘ እንበል። ከዚያስ? ዓይን ሕክምናው አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ጎንደር ነው፤ ኬሞቴራፒ ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ አለ። ከላሊበላ አዲስ አበባ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኬሞው ደግሞ አንዴ ተሰጥቶ አያበቃም፤ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ተመለሺ ይባላል። አዝመራ አለ፣ ቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ማደሪያ የለም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ራሷ ድረስ ገባ፤ በ2015 ነሐሴ ደግሞ ሌላው ግጭት መጣ። መንገድ ሲዘጋ ዕጢ አይጠብቅም። ይህን ሁሉ “ሕክምና አቋረጠች” ብሎ በአንድ ቃል የሚመዘግብ ጥናት ለእኛ ያልተሠራ ጥናት ነው። ለትራንስፖርትና ለማደሪያ የተሰጠ ብር ስንት ልጅ እንዳተረፈ የሚቆጥርልን እንፈልጋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ስድስት የልጆች ካንሰሮችን መርጦ፣ ሬቲኖብላስቶማን ጨምሮ፣ በ2030 ቢያንስ ከመቶ 60 ልጅ ይትረፍ ብሎ ነበር። 60 የሚሞላው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በአውቶብስ ቲኬትም ነው።

ዓይን ማውጣትም አለ። ካንሰሩ ከዓይን ሳያልፍ ከተወገደ ልጁ ይድናል፤ ቀዶ ሕክምናው ከዘመናዊዎቹ አንጻር ቀላል ነው። ግን ወላጅ እምቢ ይላል። “ዓይኗ ወጥቶ ማን ያገባታል?” ይላል። ይህንን ኋላ ቀርነት የሚለው ሰው የራሱን ልጅ ዓይን አውጡ ተብሎ የማያውቅ ነው። ወላጁ የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ ዓይን ይገኛል ወይ፣ ከዚህ በፊት ወጥቶለት ያደገ ልጅ አለ ወይ የሚለውን ነው። ያደገ ልጅ ካለ ከሺህ ፖስተር የበለጠ ያሳምናል፤ እሱን ልጅ ፈልጎ ከሌላዋ እናት ጋር ማገናኘት የማን ሥራ ነው? ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። እናትየዋ ልጇን ቀድማ የምታሳየው ለቄሱ ነው፤ ያ ደግሞ የጊዜ ብክነት ሳይሆን ዕድል ነው። ቄሱ ጸበሉን ረጭተው “አሁን ደግሞ ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ” ቢሏት ከጤና ሚኒስቴር ይልቅ ትሰማቸዋለች። ይህን የሚነግራቸው ሰው አሸተን ማርያም ድረስ መውጣት አለበት። ለመስቀሉ ፎቶ የምንወጣ እኛ አለን አይደል?

ደግሞ ስልካችን አለ። ብራያን ሾው የተባለ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ኬሚስት ልጁ ይኼው በሽታ ይዞት ነበር። አባትየው የቤተሰቡን ፎቶዎች መልሶ ሲያገላብጥ ነጩ ብልጭታ በሽታው ከመታወቁ ከብዙ ጊዜ በፊት ፎቶው ላይ ነበር። ከዚያ ነጭ ብሌን የሚፈልግ የስልክ መተግበሪያ ሠራ። በ2019 ሳይንስ አድቫንስስ ላይ የወጣው ጥናት የ40 ልጆችን ከ50,000 በላይ የቤት ፎቶዎች አየ። ከ20ዎቹ የታመሙ ልጆች በ16ቱ ላይ ነጩን ሐኪም ከማግኘቱ በፊት አገኘው፤ በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። የላስታ እናት የልጇ 1,000 ፎቶ የላትም። የእሷ ልጅ ፎቶ ያለው እኛ ጋ ነው፣ በየስልካችን፣ “ሕይወት በገጠር” በሚል አልበም ውስጥ።

ልጁን ፈለግነው። ለመንገድ መሪያችን፣ ላሊበላ ላለው ዲያቆን ፎቶውን ላክንለት። የመጀመሪያው ቀን ቤቱን ሳተው፤ በሁለተኛው ቤተሰቡ ለቅሶ ሄደው አጣቸው። ከዚያ ኮሮና ገባ ተባለና መንቀሳቀስ ሁሉ ከባድ ሆነ። በሦስተኛው ማታ ደረሰ። ከጠየቅንበት ቀን ጀምሮ 19 ቀን። ሁለታችን ማታ ማታ እንቅልፍ አጥተን ነበር። ዲያቆኑ በጨለማ፣ በፍላሽ፣ ፊት ለፊት ደጋግሞ አነሳው፤ ሁለቱም ቀይ። በሳምንቱ ከተማ ወርዶ የዓይን ባለሙያም አየው፣ ደህና ነው ተባለ። ያን ማታ ወደ እናቱ ዞር ብሎ ስላየ ነው ነጭ የወጣው።

ዲያቆኑ ነገሩን ለእናትየዋ ሲያስረዳት ምን እንዳለችው ስልክ ደውሎ ነገረን። መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ፣ “እኔስ ማታ ማታ ዓይኑን አያለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝበት ዝም እላለሁ?” አለችው። ከዚያ ፎቶውን ስልኩ ላይ ስታየው ቆየች።

“አንተ ልጅ፣ ፎቶውስ? ለኔ ለምን አልሰጡኝም?”

ያን ጊዜ ፎቶው 412 ላይክ ነበረው። አሳጥበን በሚሄድ ሰው ላክንላት።